የሐኪም ማዘዣና የመንግሥት መዝገብ፤ ከመጋላ በኩል ሲታይ

በዚህ ሐተታ ልናስረዳ ያሰብነው፣ የማደንዘዝ ወይም አእምሮን የመለወጥ ኃይል ስላላቸው በሕግ ልዩ ጥበቃ የሚደረግባቸው መድኃኒቶች በሐኪም ሲታዘዙና በመድኃኒት ቤት ሲሰጡ፣ መንግሥት በምን ዓይነት ዘዴ እንደሚከታተላቸው ነው። ጉዳዩ የፋርማሲ ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ሕግ፣ የአስተዳደር ሥራ፣ የንግድ ጠባይና የሕመምተኛ ምስጢር ሁሉ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ይገናኛሉና፣ ከየትኛውም የትምህርት ክፍል ያለ አንባቢ የሚከራከርበት ነገር እንደሚያገኝ እናምናለን። የውጭ አገር ዘመኖችን እ.ኤ.አ. እያልን፣ የአገራችንን ሕጎች ግን በራሳችን አቆጣጠር ጠቅሰናል።

መጋላን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የጂቡቲ ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ከተማይቱ በደቻቱ ወንዝ ለሁለት ተከፍላ አድጋለች፤ በአንዱ በኩል ባቡር ጣቢያው የቆመበትና በመስመር የተቀየሰው ከዚራ፣ በማዶው ደግሞ ጠባብ መንገዶችና የከፊራ ገበያ ያሉበት መጋላ ነው። ስሙ ራሱ በምሥራቁ አገር ቋንቋዎች ከተማ ማለት ነው። ከጂቡቲና ከሶማሌ ጠረፍ በኩል የሚመጣው ሸቀጥ፣ ቀረጥ የተከፈለበትም ያልተከፈለበትም፣ ወደዚህ ከተማ መጉረፍ ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ሁለተኛው ምክንያት አስተዳደራዊ ነው። ድሬዳዋ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ቻርተር የተሰጣት፣ ራሷን የምታስተዳድርና ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ መንግሥት የሆነ ከተማ ናት፤ ዙሪያዋን ግን የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች ይዘውታል። በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረር የሚሄድ ሰው በአወዳይ ኦሮሚያን አቋርጦ ሐረሪ ክልል ይገባል። እንግዲህ ከመጋላ በማለዳ የተነሣ ሕመምተኛ እኩለ ቀን ሳይሆን የሦስት አስተዳደሮችን መድኃኒት ቤቶች ደጃፍ ሊረግጥ ይችላል። መድኃኒቱ ወደ አገር ሲገባ የሚቆጣጠረው የፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለችርቻሮ መድኃኒት ቤቱ ፈቃድ የሚሰጠውና መዝገቡን የሚመረምረው ግን የየክልሉና የየከተማው ጤና ተቆጣጣሪ ነው። ይህን ነገር አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

የምንናገርላቸው መድኃኒቶች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ፌንታኒልና ኮዴይን የናርኮቲክ ወገን ናቸው፤ የሚገዙትም እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1965 ተቀብላለች። ዲያዜፓምና ፌኖባርቢታል ደግሞ የሳይኮትሮፒክ ወገን ሲሆኑ እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣውና አገራችን በ1980 የገባችበት ስምምነት ይመለከታቸዋል። የድሬዳዋ ሰው ይህን ሲሰማ ጫትስ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ቅጠሉ በሁለቱም ስምምነቶች ዝርዝር ውስጥ የለም፤ በቅጠሉ ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ግን በ1971ዱ ስምምነት እጅግ ጥብቅ በሆነው በአንደኛው ሰንጠረዥ ተጽፏል። ስለዚህ ጫት ተራ በጠራራ ፀሐይ የሚሸጠውን ነገር አንድ የኬሚስትሪ ሊቅ በብልቃጥ ለይቶ ቢያወጣው ሕግ ይከለክለዋል። ይህ ራሱን የቻለ ሰፊ ጥያቄ ስለሆነ እንለፈው።

የ1961ዱ ስምምነት በ30ኛው አንቀጽ፣ እነዚህ መድኃኒቶች ለግለሰብ የሚሰጡት በሐኪም ማዘዣ ብቻ እንዲሆን ያዝዛል። ቀጥሎም፣ መንግሥታት አስፈላጊ መስሎ ከታያቸው፣ ማዘዣው ጉርድ ባለው ጥራዝ ታትሞ በመንግሥት ወይም በተፈቀደለት የሙያ ማኅበር በኩል እንዲታደል ይመክራል። 34ኛው አንቀጽ ደግሞ ማንኛውም ነጋዴ፣ ሆስፒታልና ተመራማሪ የተቀበለውንና ያወጣውን መጠን እየመዘገበ መዝገቡን ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲያስቀምጥ ይጠይቃል። በአገራችን ሆስፒታሎች የምናየው ለናርኮቲክና ለሳይኮትሮፒክ የተለየ ማዘዣ፣ የተቆለፈ ቁም ሣጥንና የተለየ መዝገብ የመጣው ከዚህ ነው። የአገር ውስጡ ሕግም በየጊዜው ሲታደስ ቆይቷል፤ አዋጅ ቁጥር 176/1991፣ ከዚያ 661/2002፣ አሁን የሚሠራበት ደግሞ 1112/2011 ነው። ያለ ፈቃድ ለሚያመርት፣ ለሚያዘዋውርና ለሚጠቀም የተደነገገው ቅጣት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ይገኛል።

አሠራሩ በተግባር እንዲህ ነው። አገሪቱ በሚመጣው ዓመት የሚያስፈልጋትን የሞርፊንና የመሰሎቹን መጠን ገምታ ቪየና ለተቀመጠው ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ ቁጥጥር ቦርድ ታቀርባለች። ግምቱ ከተመዘገበ በኋላ ለእያንዳንዱ ጭነት የማስገቢያ ፈቃድ ይወጣል፤ የላኪው አገር መንግሥትም ያንን ፈቃድ ሳያይ ዕቃውን አይለቅም። መድኃኒቱ ከማከፋፈያ መጋዘን ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ መድኃኒት ቤት ሲሄድ በፊርማ ርክክብ ይደረጋል፤ በቁም ሣጥን ይቆለፋል፤ በልዩው ማዘዣ ብቻ ይወጣል። ባለሙያው የወጣውን ከገባው ይቀንሳል፤ የቀረውን ይቆጥራል፤ ሪፖርቱን ለተቆጣጣሪው ይልካል። ድምሩ ወደ ባለሥልጣኑ፣ ከባለሥልጣኑም ተመልሶ ወደ ቪየና ይሄዳል።

አንባቢ እንደሚያስተውለው፣ በዚህ ሁሉ መንገድ የሚቆጠረው ብልቃጡና ክኒኑ ነው። ከመጋዘን መቶ ወጥቶ መድኃኒት ቤት ዘጠና አምስት ከደረሰ ይታወቃል፤ በሌሊት ተረኛ የነበረ ሰው ሁለት አምፑል ቢወስድ በማግስቱ ይታወቃል። ዘዴው ሌባን ከውስጥ ለመያዝ የተበጀ ነው፤ ይህንንም ሥራውን ቸል ካላሉት በደንብ ይሠራል። ሕመምተኛውን ግን አያይም።

ምሳሌ እንስጥ፤ ሰውየው በእኛ አሳብ የተፈጠረ ነው። አንድ ሰው እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ሰኞ ከዚራ ካለ ክሊኒክ የአሥር ቀን ዲያዜፓም ይታዘዝለታል፤ መጋላ ከሚገኝ መድኃኒት ቤት ይገዛል። ማክሰኞ ሳቢያን ሄዶ ለሌላ ሐኪም ያንኑ ይነግራል፤ ረቡዕ ሐረር ይወጣል። ሦስቱም ሐኪሞች በሕጉ መሠረት አዘዋል፤ ሦስቱም መድኃኒት ቤቶች በሕጉ መሠረት ሰጥተዋል። ሦስቱም መዝገቦች ሲደመሩ ሒሳባቸው ልክ ይመጣል። ሠላሳ ቀን የሚበቃ ክኒን ግን በአንድ ኪስ ውስጥ አለ።

የሚያስገርመው፣ ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በወረቀቱ ላይ አስቀድሞ ተጽፏል። የአገራችን ማዘዣ የሕመምተኛውን ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜና የካርድ ቁጥር፣ ከተማውን፣ ወረዳውን፣ ቀበሌውንና የቤት ቁጥሩን፣ የበሽታውን ስምና የሐኪሙን የምዝገባ ቁጥር ሁሉ ይጠይቃል። ወረቀቶቹ በየመድኃኒት ቤቱ ታስረው ይቀመጣሉ፤ የከዚራውን ከሐረሩ አጠገብ አድርጎ የሚያነብ ግን የለም።

ይህን የማገናኘት ሥራ በሰፊው የሞከሩት የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ናቸው። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1918 ሐኪሞች በመንግሥት የታተመ ባለ ግልባጭ ማዘዣ እንዲጠቀሙና መድኃኒት ቤቶችም ግልባጩን ለመንግሥት እንዲልኩ አዘዘች፤ ሕጉ ከሦስት ዓመት በኋላ ተሻረ። ካሊፎርኒያ በ1939 ሦስት ቅጂ ያለውን ማዘዣ ጀመረች፤ አንዱ ከሐኪሙ፣ አንዱ ከመድኃኒት ቤቱ፣ አንዱ ከመንግሥት ዘንድ ይቀራል። እንደ ሃዋይ፣ ኢሊኖይ፣ አይዳሆና ቴክሳስ ያሉት በየጊዜው ተከተሉ። በ1990 ገደማ ኦክላሆማ ወረቀቱን ትታ መድኃኒት ቤቶች በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲያስታውቁ አደረገች፤ ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት የሕመምተኛውን ያለፈ ማዘዣ በኮምፒዩተር ከፍቶ የሚያይበት ዘመን መጣ። በመጨረሻ የቀረችው ሚዙሪ ነበረች፤ እርሷም በ2021 ሕጉን አወጣች። ሚዙሪ በዘገየችበት ዘመን ጎረቤቶቿ ድንበር ተሻግሮ ስለሚገዛ ሰው ያማርሩ ነበር። ይህ ለድሬዳዋ፣ ለሐረርና ለአወዳይ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

የሕመምተኛው ስም በመንግሥት እጅ መግባቱ ያለ ሙግት አላለፈም። ኒው ዮርክ በ1972 ባወጣችው ሕግ ስሞቹ በኮምፒዩተር ገብተው ለአምስት ዓመት እንዲቀመጡ ስታዝ፣ ሕመምተኞችና ሐኪሞች ከሰሱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ዌለን እና ሮ» በተባለው ክርክር በ1977 ለክፍለ ግዛቷ ፈረደ። በክርክሩ የተገለጠው ዝርዝር ትምህርት ሰጪ ነው። በወር ወደ 100,000 የሚጠጋ ማዘዣ ይደርስ ነበር፤ ወረቀቱ የሚቀመጥበት ክፍል በሽቦ አጥርና በማስጠንቀቂያ ደወል የተጠበቀ ነበር፤ ሕጉ ከጸና ከሃያ ወር በኋላ ግን ያ ሁሉ ክምችት የግለሰብ ሕመምተኞችን አለመጠን መውሰድ ለማጣራት ያገለገለው በሁለት ምርመራዎች ብቻ ነበር። ስሜ ይመዘገባል ብለው ፈርተው መድኃኒቱን የሸሹ ሰዎች መኖራቸውም ለፍርድ ቤቱ ተነግሯል። ዳኞቹ ይህን አልካዱም፤ ሕጉን ለማፍረስ አይበቃም አሉ እንጂ።

ታዲያ ወረቀቱ ከንቱ ነበር ማለት ነውን? እንዲህ ለማለት አንደፍርም። ኦክሲኮንቲን የተባለው የሕመም ማስታገሻ በ1996 ገበያ ሲወጣ፣ ባለ ሦስት ቅጂ ማዘዣ የሚያስገድዱ አምስት ክፍለ ግዛቶች ነበሩ፤ ካሊፎርኒያ፣ አይዳሆ፣ ኢሊኖይ፣ ኒው ዮርክና ቴክሳስ። አምራቹ ኩባንያ ሐኪሞቹ በወረቀቱ ልፋት ምክንያት እንደማያዙለት አስቦ በእነዚያ ክፍለ ግዛቶች ማስታወቂያውን ቀንሶ ነበር። አቢ አልፐርትና ባልደረቦቿ በ2022 ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ በእነዚያ አምስቱ ውስጥ ከመጠን በላይ በመውሰድ የሚሞተው ሰው ቁጥር ከሌሎቹ በዘገየ ፍጥነት አድጓል። ልብ እንበል፤ በዚህ ጊዜ ሕይወት ያተረፈው ሦስተኛው ቅጂ መንግሥት ቢሮ ደርሶ ተነቦ አይደለም። የሐኪሙን እጅ አክብዶ ነው። አስቸጋሪነቱ ራሱ መድኃኒት ሆነ።

እኛ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው እንላለን። የልዩው ማዘዣ ኃይል በሚያክለው ጭነት ላይ ነው፤ ጭነቱ ደግሞ በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ አይመርጥም። መድኃኒት በገፍ በሚታደልበት አገር ያ ጭነት ያድናል። መድኃኒቱ አስቀድሞ በጠፋበት አገር ግን ያው ጭነት ሕመምተኛውን ይጎዳል።

የኛ አገር ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለመናገር ብዙ መድከም አያስፈልግም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2017 እንዳስታወቀው፣ በዓመት በዓለም ከሚታደለው 298.5 ሜትሪክ ቶን በሞርፊን ልክ የተሰላ ማስታገሻ ውስጥ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። በካንሰር የሚሠቃይ የሶማሌ አርብቶ አደር ወይም የሐረርጌ ገበሬ ከዚህች አንድ አሥረኛ ቶን ተካፋይ ነው። ልዩ ማዘዣ የመጻፍ ፈቃድ ያለው ሐኪም ከሌለ፣ ጥራዙ ካለቀ፣ ወይም ሐኪሙ ተጠያቂነቱን ፈርቶ ቀለል ያለ ክኒን ካዘዘ፣ በመዝገቡ ላይ የሚታየው ንጹሕ ዜሮ ነው። መዝገቡ ልክ ነው፤ ሕመምተኛው ግን ያቃስታል።

ከሞርፊን ይልቅ ብዙ ሰው የሚነካው የፌኖባርቢታል ጉዳይ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመስቃንና ማረቆ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ60,820 ሰዎች መካከል 316ቱ የሚጥል በሽታ ሕመምተኞች ሆነው ተገኙ፤ ከሺሕ ሰው 5.2 ማለት ነው። ከነዚያ 316 ሰዎች ትክክለኛውን መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ እየወረደ መጥቷል፤ የሚጥል በሽታን ለመቆጣጠር በርካሽ የሚገኘውና በብዙ የተለመደውም ፌኖባርቢታል ነው። እርሱ ግን በ1971ዱ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ስለተጻፈ የሚታዘዘው በልዩው ወረቀት ነው። ይህ በሽታ መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ የሚብስ ነው። ከድሬዳዋ ገጠር ቀበሌ በእግርና በመኪና የሚመጣች እናት ልጇን በየወሩ ለማሳየት ስትገደድ፣ አንድ ቀን መኪና ብታጣ የሚከተለው እሳት ዳር ወይም ውኃ ዳር መውደቅ ነው። ሕጉ ይህችን እናት ከዚያ ሦስት ሐኪም ከሚዞር ሰው ለይቶ አያውቃትም።

አሁን ወደ መጋላ እንመለስ። እስካሁን የተናገርነው ሁሉ በወረቀት ስላለፈ መድኃኒት ነው። ማንኛውም የማዘዣ መዝገብ፣ በጥራዝም ይሁን በኮምፒዩተር፣ ሊያይ የሚችለው ማዘዣ የተጻፈለትን ብቻ ነው። በኮንትሮባንድ ገብቶ ከጨርቅና ከሽቶ ጋር በአንድ ጆንያ የመጣ ክኒን ሐኪምም አላየውም፣ ቪየናም አልቆጠረችውም። ያለ ማዘዣ መሸጥም በአገራችን ከተሞች የተለመደ ጉድለት መሆኑን በተለይ በጸረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ላይ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ለእነዚያ ያልተዘጋ በር ለሌሎቹ ሁልጊዜ ተዘግቶ ይኖራል ብሎ ማመን ይከብዳል። እንደ ትራማዶል ያለውም የባሰ አስቸጋሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2018 በአላግባብ መወሰዱን እያወቀ በዓለም አቀፍ ዝርዝር እንዳይገባ መክሯል፤ ምክንያቱም ለድሃ አገር ሕመምተኛ ከሞርፊን በታች የቀረው ማስታገሻ እርሱ ስለሆነ ነው።

አሜሪካኖቹም ይህን በከባድ ዋጋ ተምረዋል። ከ2012 ወዲህ በማዘዣ የሚወጣው የኦፒዮይድ መጠን ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ሲሄድ፣ በመዝገብ የማይታየው ሄሮይን፣ ከዚያም በሕገ ወጥ መንገድ የተሠራው ፌንታኒል የሚገድለው ሰው በዝቷል። መዝገቡ ብቻውን ይህን አመጣ ማለት አይቻልም፤ ተመራማሪዎችም በዚህ ላይ አልተስማሙም። ሆኖም መዝገቡ ሲጠራ መንገዱ ይጠራል የሚለው ተስፋ አልተፈጸመም።

ሌላው መሰናክል ቀላል የሚመስል ነው፤ ስም። የኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም። በመጋላ አንድ አብዲ አህመድ ብለው ቢጠሩ ስንቱ ዘወር እንደሚል ማንም ያውቃል። ያው ሰው በድሬዳዋ ክሊኒክ በአማርኛ ፊደል፣ በአወዳይና በጅግጅጋ ደግሞ በላቲን ፊደል በኦሮምኛና በሶማልኛ አጻጻፍ ይመዘገባል፤ ዕድሜውም በግምት ነው። እነዚህን ሦስት ጽሑፎች አንድ ሰው ናቸው ብሎ የሚወስን ኮምፒዩተር ንጹሑን ከበደለኛው ቢደባልቅ አያስደንቅም። በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 የጸናው የዲጂታል መታወቂያ፣ ማለትም ፋይዳ፣ ይህን ችግር ሊያቃልል ይችላል፤ ነገር ግን መታወቂያ የሌለውን ሕመምተኛ ከመድኃኒት ቤት ደጃፍ መመለስን አብሮ ያመጣል። የበሽታን ምስጢር በሚመለከት ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ። የሚጥል በሽታ ያለባትን ልጃገረድ ለጋብቻ የማይፈልግ ኅብረተሰብ በበዛበት አገር፣ የፌኖባርቢታል ተቀባዮች ስም ዝርዝር ከእጅ ቢያመልጥ የሚያደርሰውን ጉዳት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች አላሰቡትም።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለን ሰው የኛ አሳብ ይህ ነው። ስምን ከማገናኘት በፊት ቁጥርን ማገናኘት ይሻላል። የማዘዣው ጥራዝ ተከታታይ ቁጥር አለውና፣ የትኛው ጥራዝ ለየትኛው ሐኪም እንደተሰጠና ከየትኛው መድኃኒት ቤት እንደተመለሰ ድሬዳዋ፣ ሐረሪ፣ ምሥራቅ ሐረርጌና የሶማሌ አጎራባች ዞኖች በየሦስት ወሩ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢያስተያዩ፣ የማንንም ሕመምተኛ ስም ሳይገልጡ ከመጠን በላይ የሚያዝዘውን ሐኪምና ከመጠን በላይ የሚያወጣውን መድኃኒት ቤት ለይተው ያውቃሉ። ያ ሦስት ቦታ የሚዞረው ሰው በዚህ ዘዴ ላይያዝ ይችላል። እርሱን ለመያዝ ሲባል ግን የሁሉን ሰው በሽታ በአንድ መዝገብ ማስፈር፣ ቢያንስ ለአሁኑ፣ ዋጋው ይበዛል ብለን እናምናለን፤ በዚህ ላይ ከመካከላችን አንዳንዶቹ አልተስማሙም፤ ክርክሩም አልተቋጨም።

የተስማማንበት ሌላ ነገር አለ። አሁን ያለው መዝገብ የገባ፣ የወጣና የቀረ የሚሉ ዓምዶች ብቻ ናቸው ያሉት። አንድ ዓምድ ይጨመርበት፤ ማዘዣ ይዞ መጥቶ መድኃኒቱ ስለሌለ የተመለሰ ሰው ቁጥር የሚጻፍበት። ይህ የማንንም ስም አይጠይቅም፤ አዲስ ማሽንም አያስፈልገውም። ለቪየና የሚቀርበው ዓመታዊ ግምት ባለፈው ዓመት በወጣው መጠን ላይ ተመሥርቶ ሲሠራ፣ ትንሽ የወጣበት ዓመት ትንሽ የሚጠየቅበትን ዓመት ይወልዳል። ባዶ እጁን የተመለሰው ሰው ቢቆጠር ግምቱን የሚሠራው ባለሙያ የሚይዘው ነገር ያገኛል። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በድሬዳዋ ቅርንጫፍ አለውና፣ ሙከራው ከዚሁ ሊጀመር ይችላል።